የፓስታ ካርቶን እንጨት ሆነ!

አቦ፣ ይህን ሳልናገር ባድር ያንቀኛል! የፓስታ ካርቶን እንጨት ይሆናል። ትንሽ ደረቅ ይላል ማለቴ አይደለም። በጥፍር ሲመቱት ቋ ይላል። በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ በቀጭን መሰርሰሪያ ሲበሱት ጠርዙ አይፈረፈርም፤ ውሃ ጠብ ቢልበት ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ይቀመጥና በጨርቅ ይጠረጋል። ለዚህ ሁሉ ማሽን የለም፣ ምድጃ የለም። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ለስላሳ ብሩሽ፣ የተከፈተ መስኮትና የጅግጅጋ ደረቅ አየር፤ አለቀ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሼላክ ይባላል። የድሮ አናጺዎች ቁም ሳጥን ያብረቀርቁበት የነበረ ቫርኒሽ ነው። እንጨት ማሳመሩን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ወረቀት ላይ የሚሠራውን ጉድ ግን የሚያወራ አላጋጠመኝም። ስለዚህ እኔው ላውራው።

ጅግጅጋ ውስጥ ከወረቀት ነገር የሚሠራ ሰው ትግሉ ከነፋስ ጋር ነው። ከካራማርዳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ መስኮት ተከፍቶ ካገኘ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ቤት ከነጣሪያው ያነሣዋል። በበጋ አየሩ ካርቶኑን አድርቆ ያጣምመዋል፤ ሐምሌ ላይ የካራን ዝናብ ሲገባ ያው ካርቶን እርጥበት ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል። ተማሪዎች ለሳይንስ ትርዒት የሚሠሯቸውን ሞዴሎች ያየ ያውቀዋል። በግንቦት ጭብጨባ ያገኘው ግድብ፣ ትምህርት ቤት በመስከረም ሲከፈት መደርደሪያው ላይ ጎኑን ይዞ ተኝቶ ይገኛል። አስተማሪው ያዝናል፣ ልጁ ይናደዳል፣ ግድቡ እሳት ማቀጣጠያ ይሆናል። ይህ ሁሉ ብክነት በአንድ ጠርሙስ ይቀር ነበር!

የእኔ በሽታ የባቡር ጣቢያ ነው። ምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ የደረሰው በእኛው ሰሜን በኩል ነው፤ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላ፣ በሽንሌ። አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1917 ነው። አሁን በዚያው ቆላ የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፋል፤ ይለፍ፣ ደስ ይለኛል፤ ልቤ ያለው ግን ከአሮጌው፣ ከባለ 1 ሜትሩ ሐዲድ ጋር ነው። ጣቢያዎቹን በ1፡87 ልኬት ነው የምሠራቸው። በዚህ ልኬት የሐዲዱ ስፋት ከ11.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የመስኮቱ ፍሬም ምን ያህል እንደሚቀጥን ገምቱት! የደብተር ሽፋን በምላጭ ተሰንጥቆ የተሠራ ፍሬም ገና ሲያነሡት ይጎብጣል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ለማስመሰል በመስመር በመስመር የታጠፈ ወረቀት ጣት ሲነካው ይዘረጋል። ሼላክ ከጠጣ በኋላ ግን ፍሬሙ በሁለት ጣት መሀል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጣሪያው ሸንተረሩን አይለቅም። ይህን ያየ ሰው በሌሊት ተነሥቶ ቤት ያለውን ካርቶን ሁሉ ቢቀባ አይፈረድበትም።

ምንጩን ስትሰሙ ደግሞ ይብስባችኋል። ሼላክ ከነፍሳት የሚገኝ ነው። ህንድና ታይላንድ ውስጥ ኬሪያ ላካ የምትባል ደቃቅ ነፍሳት አለች፤ የዛፍ ፈሳሽ እየመጠጠች ቅርንጫፉ ላይ ሙጫ ታወጣለች። ያ ሙጫ ተፍቆ ይሰበሰባል፣ ቀልጦ ይጣራል፣ እንደ ስስ ቂጣ ይዘረጋና ይሰባበራል። ገበያ የሚወጣው ያ የማር መልክ ያለው ስስ ስባሪ ነው። ምግብ ውስጥ ኢ904 ተብሎ ይገባል፤ ከረሜላና ኪኒን ላይ የሚያብለጨልጨው ሽፋን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የድሮ የሸክላ ማጫወቻ ሸክላዎችስ? እነሱም ከሼላክና ከድንጋይ ዱቄት የተሠሩ ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄዶ ድምፁን ሲያስቀርጽ፣ ያን ድምፅ ተሸክሞ አዲስ አበባ የገባው ይህችው ነፍሳት ያወጣችው ሙጫ ነው። እንግዲህ ለአንድ የአይሻ ጣቢያ መስኮት አንሶ ይገኛል?

አሠራሩ ቀላል ነው። ወረቀት ማለት እርስ በርሱ የተጠላለፈ የእንጨት ክር ነው፤ በክሮቹ መሀል ያለው አየር ነው። ልፍስፍስ የሚያደርገው ያ ባዶ ቦታ ነው። አልኮል የተሟሟውን ሼላክ ተሸክሞ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ አልኮሉ ተንኖ ሲሄድ ሼላኩ ክሮቹን አያይዞ እዚያው ይቀራል። ውሃ ቢሆን ኖሮ ክሮቹን አሳብጦ ካርቶኑን ያጨማድደው ነበር፤ አልኮል ግን ገብቶ ሲወጣ ያን ያህል አይረብሻቸውም። ስለዚህ በተራ ቀለም እንደሚሆነው ላዩ ላይ ቆዳ መልበስ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ውስጡ ነው የሚጠነክረው።

ይህ ቀልድ ለሚመስለው ሰው የትሮይን ነገር ልጨምርለት። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ባለችው በዚህች ከተማ ዋተርስ የሚባሉ አባትና ልጅ ከ1867 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከወረቀት ጀልባ ይሠሩ ነበር። ለመቅዘፊያ ውድድር የሚሆን፣ ሰው የሚጫን፣ እውነተኛ ጀልባ! በሻጋታ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፣ ያደርቁታል፣ በቫርኒሽ ውሃ እንዳያስገባ ያደርጉታል። በ1874 ናትናኤል ቢሾፕ የሚባል ተጓዥ ከእነሱ ታንኳ ገዛ። የግድግዳዋ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 26 ኪሎ ገደማ ነበር። እሷን እየቀዘፈ በወንዝና በባሕር ዳርቻ ወርዶ በሚቀጥለው ዓመት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ደረሰ። እዚያው ትሮይ ውስጥ ለኮከብ መመልከቻ ጉልላት እንኳ ከወረቀት ሠርተዋል።

ለባቡር ወዳጅ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ አለ። ሪቻርድ አለን የሚባል አሜሪካዊ በዚያው ዘመን የባቡር ጎማ እምብርት ከወረቀት ሠራ! ወረቀቱ በሙጫ ተደራርቦ፣ በከባድ መጭመቂያ ታምቆ፣ ዙሪያው ብረት ለብሶ፣ የፑልማን የመኝታ ፉርጎዎችን ተሸክሞ ሮጠ። ድምፅና ንዝረት ይቀንስ ስለነበር ተኝቶ የሚሄደው መንገደኛ ወደደው። ወረቀት ፉርጎ ከተሸከመ የእኔ የአዲጋላ የውሃ ማማ ለምን ይንገዳገዳል?

እሺ፣ አሠራሩን። 100 ግራም የሼላክ ስባሪ በግማሽ ሊትር አልኮል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው አልኮል አይሆንም፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ ሼላኩ በደንብ አይሟሟም፣ ካርቶኑም ይጨማደዳል። 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኤታኖል ነው የሚፈለገው። እሱን ደግሞ የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች እዚሁ አገር ከሞላሰስ ያወጡታል። ጠርሙሱ ላይ ሜታኖል የሚል ካያችሁ ግን አትንኩት፤ በትንፋሽም በቆዳም ገብቶ ዓይን ያጠፋል። ስባሪውን በብርጭቆ ዕቃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ በቆርቆሮ ጣሳ ካደረጋችሁት ብረቱ ያጠቁረዋል። ጠዋት በነጠላ ቁራጭ አጣሩት። የመጀመሪያውን ቅብ በሌላ አልኮል አቅጥኑት፤ ሥራው መግባት እንጂ ማብረቅረቅ አይደለም። ሁለቱንም ገጽ ቀቡ፤ አንዱ ብቻ ከተቀባ ካርቶኑ ወደዚያው ይጠማዘዛል። ጠርዙ ሰካራም ነው፣ የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል፤ እስኪጠግብ ስጡት። በጅግጅጋ የበጋ አየር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለጣት ይደርቃል፤ ቀጣዩን ቅብ ከመጨመር በፊት ግን አንድ ሰዓት መታገሥ ይሻላል። መሀል ላይ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ማለስለስ ነው። ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም እጅግ ይሻላል። በካራን እርጥብ ቀን የተቀባ ነጭ ጉም ሊያወጣ ስለሚችል ፀሐይ እስክትወጣ ቆዩ።

አሁን ደግሞ እልል የሚያሰኘኝ ነጥብ! ፎቶኮፒ ቤት የሚታተመው የሌዘር ቀለም በአልኮል አይሄድም። ዱቄት ሆኖ መጥቶ በሙቀት ቀልጦ የተጣበቀ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የጣቢያውን ድንጋይ ግድግዳ፣ በሩን፣ የስም ሰሌዳውን ሁሉ አሳትማችሁ፣ ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ፣ ቆርጣችሁ፣ ላዩ ላይ ሼላክ መቀባት ትችላላችሁ። ቲነር ብትቀቡበት ግን ያ ቀለም ራሱ ሟሙቶ ይዝረከረካል። ፈሳሽ ቀለም በሚረጨው ማተሚያ የታተመ ወረቀት ደግሞ ሌላ ዓመል አለው፤ በውሃም በአልኮልም ሊፈስ ይችላል። ቁራጭ ላይ ሳትሞክሩ ዋናው ላይ አትግቡ።

ቲነርን ካነሣሁ አይቀር፣ እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ላድርግ። ጅግጅጋ ውስጥ "ወረቀት ማጠንከር እፈልጋለሁ" ብትሉ የቀለም ሱቁ ልጅ መጀመሪያ የሚያቀብላችሁ የቤት ዕቃ ሠሪዎች በኮምፕሬሰር የሚረጩትን የኒትሮ ላከርና ቲነሩን ነው። ይጠነክራል፣ አልክድም፤ በፍጥነትም ይደርቃል። ግን ቲነር ውስጥ ቶሉይን የመሰለ ነገር አለ፤ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ለረጅም ጊዜ የተነፈሰው ሰው ነርቩ ይጎዳል። የአቧራ ማስክ ትነቱን አያስቀርም፤ ማስኩ ጠጣር ብናኝን እንጂ ትነትን አይይዝም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የዕጣን ማጨሻው፣ ዳብቃዱ ነው። አመሻሽ ላይ ዳብቃድ ውስጥ ፍም አድርጎ መዓዛማውን ኡንሲ የማያጨስ ቤት በዚህ ከተማ ስንት አለ? የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለሉን ይዞ ይሳባል፣ በበሩ ሥር ያልፋል፣ ኤዶ (አክስት) ሳሎን ውስጥ ካስቀመጠችው ፍም ጋር ይገናኛል። ቀቢው ከኋላ ክፍል ነው፣ እሳቱ ከፊት ክፍል ነው፣ መሀላቸው ሰፊ ነው ብሎ መጽናናት አይቻልም። አልኮልም ቢሆን ይቀጣጠላል፤ የአልኮል ነበልባል ደግሞ በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ሼላክ ከቲነር ይሻላል ስል እሳት ዳር ይቀባል ማለቴ አይደለም። ደጅ ወይም መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ከዳብቃድ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቆ፣ በቀን።

አንድ ነገር ደግሞ እባካችሁ! አልኮልም ሆነ ቲነር ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥ። በአይሻ ሙቀት ከጨዋታ የተመለሰ ልጅ መልኩ ውሃ የሆነ ነገር በውሃ ጠርሙስ ካገኘ ሽታውን ከማሽተቱ በፊት ይጎነጫል። የተረፈውም የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው ቢርካ አካባቢ አይደፋ፤ ያ ውሃ የሰውም የከብትም መጠጥ ነው። በተልባ ዘይት የተሠራ ቫርኒሽ የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለው ጨርቅ ያን ሙቀት አፍኖ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት።

ሱፐር ግሉ አፍስሶ ካርቶን የሚያጠነክርም አይቻለሁ። ይሠራል፤ ግን ትነቱ ዓይንና ጉሮሮ ይቆነጥጣል፣ ጥጥ ጨርቅ ላይ ከፈሰሰም ቆዳ እስኪያቃጥል ይሞቃል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀየጠውን ባለ ሁለት ጣሳ ፖሊዩረቴን ለባለሙያ ተዉት፤ ውስጡ ያለው አይሶሳያኔት አስም ያመጣል። በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ካገኛችሁ ግን ውሰዱት! ሽታው ትንሽ ነው፣ እሳት አይስብም፣ ቢጫ አያደርግም። ብቻውን ወረቀት ላይ ሲቀባ ያጨማድዳል እንጂ፣ ሼላክ ቀድሞ ከገባ በኋላ ከላይ ሲለብስ ድንቅ ነው። ሰሙ የወጣለት ሼላክ ከሆነ ደግሞ ጥሩ አድርጎ ይይዝለታል።

ይህን ሁሉ ካወራሁ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። የሱማሌ እናቶች ይህን ጥበብ መቼ አጡት? ሃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሥርና ከልጥ ክር የተጠለፈ የወተት ዕቃ። ስፌት ነው፣ በአሠራሩ ቀዳዳ ሊኖረው የሚገባ ነገር ነው፤ ግን ወተት ተሞልቶ ግመል ላይ ተጭኖ ያን ሁሉ ምድር ያቋርጣል! ክሩን ጥቅጥቅ አድርገው ይጠልፉታል፣ ከዚያ በጋለ እንጨት ውስጡን እየደጋገሙ ያጥኑታል። ጭሱ ወተቱን ከመበላሸት ይጠብቃል፣ ጣዕምም ይሰጠዋል። ወይራ የሚታጠን የወተት ቅል ያለበት ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። የሠርግ ዕቃውን ሄዶን ያየ ሰውማ ከተክል ክር ምን ያህል ጽኑ ነገር እንደሚወጣ አይከራከርም። እኔ ከነፍሳት ሙጫ ያገኘሁትን ተአምር እነሱ በክርና በጭስ ሲሠሩት ኖረዋል።

ሙጫውስ ቢሆን? ዓዳድ የሚባለው ግራር ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ሐበግ እኮ ዓለም ገም አረቢክ ብሎ የሚሸምተው ነው። ብራና ጸሐፊዎች ጥቀርሻን ቀለም ያደረጉት የግራር ሙጫ ጨምረው ነው። ለትናንሽ ልጆች ሼላክ አልሰጥም፤ የምሰጠው ይህንን ነው። ሙጫው በውሃ ይሟሟል፣ ትነት የለው፣ እሳት የለው፤ እሱም ኢ414 ተብሎ ምግብ ውስጥ የሚገባ ነው። ብዙ ንብርብር ያለው ካርቶን ላይ ቀብቶ ከባድ መጽሐፍ ጭኖ ማድረቅ ነው። በእኛ ደረቅ አየር ከወፈረ ይሰነጠቃል፤ ጥቂት ማር ጠብ ሲያደርጉበት ይለዝባል፤ የውሃ ቀለም ሠሪዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ውሃ ካገኘው መልሶ መሟሟቱ አይቀርም፤ ልጁ አልኮል ለመያዝ ሲደርስ ከላዩ ሼላክ ያለብሰዋል። ዕጣንና ከርቤን ለመሞከር የሚቋምጥ ካለ ግን ይቅርበት፤ ሁለቱም ከፊላቸው በውሃ፣ ከፊላቸው በአልኮል የሚሟሙ ስለሆኑ በአንዱ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይሟሙም። ለዳብቃድ ተዉአቸው።

ሼላክ ጉድለት የለውም አልልም። ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ቢቀመጥበት ነጭ ክብ ይተዋል፤ ሽቶ ቢፈስበት ይለሰልሳል፤ ደወሌ ላይ ፀሐይ ውስጥ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ሞዴልም ይጎብጣል። የተቀየጠውም ዕድሜ አለው። በጠርሙሱ ላይ ቀን ጻፉበት፤ ስድስት ወር ካለፈው መስታወት ላይ ጠብ አድርጋችሁ ፈትኑት፣ በማግስቱ ጥፍር ከገባበት አትጠቀሙበት። ሳይቀየጥ በጥላ የተቀመጠው ስባሪ ብዙ ይቆያል፤ ስለዚህ ለሚያስፈልጋችሁ ያህል ብቻ ቀይጡ።

የጅግጅጋ፣ የቀብሪበያህ፣ የቶጎ ውጫሌ፣ የሽንሌ አስተማሪዎች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ዘንድሮ ልጆቹ የሚሠሩትን ግድብ፣ ግመል፣ መስጊድና ባቡር እንዲሁ አታስቀምጡት። ለትናንሾቹ ሐበግ በውሃ በጥብጡላቸው፤ ለትልልቆቹ እናንተው እየቆማችሁ፣ ደጅ፣ እሳት በሌለበት፣ ሼላክ አስቀቧቸው። ባለ ሱቆችም የፓስታ ካርቶኑን አታቃጥሉት፤ ለሚመጣላችሁ ልጅ ስጡት።